ያገለገለ ፎር ዊል ድራይቭ በመጠነኛ ገንዘብ፦ ከሻንሲ እስከ ሊብሬ

አዲስ አበባ ውስጥ ለሽያጭ የቀረበ ያገለገለ መኪና ሁሉ፣ በደላላ አንደበት፣ «የሴት መኪና» ነው። ካልሆነ የሐኪም ነው፤ እሱም ካልሆነ ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ መንገድ አያውቅም። ይህ ስለ ቪትዝ ሲባል ፈገግ ብሎ ማለፍ ይቻላል። ላንድክሩዘር ፒክአፕ ወይም ሃይሉክስ አቁሞ እንዲህ የሚል ግን ገዢውን እየናቀ ነው። ባለ ባሌስትራ የናፍጣ መኪና ለቅዳሴ መመላለሻ ተብሎ የሚገዛ ሰው እምብዛም የለም። ፎር ዊል ድራይቭ የሚገዛው ለሥራ ነው፤ ሲሸጥም የሠራው ሥራ ከሥሩ ይታያል። ገዢው ጎንበስ ማለት አለበት።

ገበያውም እንደ ድሮው አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጫነ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ። በዚህ ምክንያት ዛሬ መጠነኛ ገንዘብ ይዞ ለሚወጣ ሰው የሚቀርብለት መኪና እዚሁ አገር ብዙ ክረምት ያሳለፈ፣ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ነው። የሃያና የሃያ አምስት ዓመት ዕድሜ ያለው ፎር ዊል ብርቅ አይደለም። ሻጩ «ሌላ አታገኝም» ሲል ከፊል እውነት አለው፤ ለዚህ ነው ገዢው አስቀድሞ የሚፈልገውን ቆርጦ መውጣት ያለበት።

መጀመሪያ መንገዱ

መኪና ከማየት በፊት የሚሠራ ሥራ አለ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ይበቃዋል። ገዢው ባለፈው አንድ ዓመት የሄደባቸውን፣ በመጪውም የሚሄድባቸውን መንገዶች ይጻፍ። ለገጣፎ አካባቢ ቤት ሠርቶ ከአስፋልት እስከ በሩ ባለው ጭቃ የተማረረ ሰው አንድ ነው፤ በየሳምንቱ ባሌ ወይም አዊ ዞን ወደሚገኝ እርሻ ማዳበሪያና ጄነሬተር የሚያመላልስ ሌላ ነው። ለመጀመሪያው ሰው ባለ 1.3 ሊትር ቴሪዮስ ከበቂ በላይ ነው። ሁለተኛውን ቴሪዮስ አንድ ክረምት አያሻግረውም።

ከዚያ ቀጥሎ መለየት ያለበት የፎር ዊል ዓይነት ነው። ሻጮች ሁሉንም በአንድ ስም ይጠሩታል፤ ሥር ያለው ግን ሦስት የተለያየ ነገር ነው። የመጀመሪያው በእጅ የሚገባው ነው። ላንድክሩዘር 70፣ አብዛኛው ሃይሉክስ፣ የመጀመሪያው ሱዙኪ ቪታራና ጂምኒ በዚህ ይመደባሉ። በአዘቦት ቀን የኋላ ጎማ ብቻ ይነዳል፤ ጭቃ ሲመጣ ሹፌሩ ሁለተኛውን የማርሽ ዘንግ ይስባል። ዘንጉ «ሎው» የሚባለውን ኃይለኛና ዘገምተኛ ማርሽም ይሰጣል። በፊትና በኋላ መካከል ልዩነት የሚያቻችል ዲፈረንሻል ስለሌለው ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል አስገብቶ መንዳት ዘንጎቹንና ትራንስፈሩን ይጎዳል።

ሁለተኛው ሁልጊዜ አራቱንም የሚነዳው ነው፤ ፕራዶ ዋነኛው ምሳሌ ነው። መካከል ላይ ዲፈረንሻል አለው፤ መንገዱ ሲከፋ ይቆለፋል። የመጀመሪያው ትውልድ ቴሪዮስም በዚህ መንገድ ይሠራል፤ ልዩነቱ «ሎው» የሌለው መሆኑ ነው። ሦስተኛው የፊት ጎማ እየነዳ፣ ሲንሸራተት ብቻ ኃይል ወደ ኋላ የሚልከው ነው። ኒሳን ኤክስትሬይልና አዳዲሶቹ ራቭ 4ዎች የዚህ ዘር ናቸው። ለጠጠርና ለቀላል ጭቃ ያገለግላሉ፤ ቁልቁለቱና ድንጋዩ ሲበዛ ግን ሎው የሌለው መኪና ፍሬንና ፍሪሲዮን ይበላል።

ራቭ 4 ላይ አንድ ጥንቃቄ ይጨመር። ከነጭራሹ የፊት ጎማ ብቻ የሚነዱ ራቭ 4ዎች አሉ፤ ቁመናቸው ያው ነው፤ ከኋላ የሚለጠፈው የብረት ጽሑፍም በጥቂት ብር ይገዛል። ማረጋገጫው ጎንበስ ብሎ ማየት ነው፤ ከሞተሩ ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግና በኋላ ጎማዎች መካከል ዲፈረንሻል ከሌለ መኪናው ፎር ዊል አይደለም።

ስም ወይስ ጤና

አገሩ ቶዮታን ያምናል፤ በቂ ምክንያትም አለው። ላንድክሩዘር 70 እ.ኤ.አ. በ1984 ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ መልኩ ብዙም አልተለወጠም። በ1990 የመጣው 1ኤች ዜድ ሞተሩ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደርና ቱርቦ የሌለው ነው። ኤሌክትሮኒክስ ስለማይበዛበት ከተማ የራቀ መካኒክም ይደፍረዋል። ክፉ ልማዱ ነዳጅ ነው፤ ተጭኖ በ100 ኪሎ ሜትር ከ12 እስከ 14 ሊትር ናፍጣ ቢጠጣ አያስገርምም። ሌላው ደግሞ የታይሚንግ ቺንጋው ነው። በ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር ሲገባው ሻጩ መቼ እንደተቀየረ የማያውቅ ከሆነ፣ እንዳልተቀየረ ቆጥሮ ዋጋውን ከክፍያው መቀነስ ይገባል። ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ፤ ያን ጊዜ የሚከፈለው የቺንጋ ዋጋ አይደለም።

ችግሩ መጠነኛ ገንዘብ ያለው ሰው ላንድክሩዘር ሲፈልግ የሚያገኘው ሌላው ሰው የጣለውን መሆኑ ነው። ፕራዶም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የወጣው ፕራዶ በአብዛኛው የሚመጣው 1ኬዜድ በሚባለው 3.0 ሊትር ባለ ቱርቦ ናፍጣ ነው፤ ይህ ሞተር ጥሩ ጉልበት አለው፤ ነገር ግን ከሞቀ ቴስታታው የመሰንጠቅ ታሪክ አለው። ሙቀት ደግሞ እዚህ አገር ቀልድ አይደለም። ባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ላላ ያለ የራዲያተር ክዳን ጅቡቲ ላይ ትንሽ ጉድለት ነው፤ እዚህ ግን ቴስታታ ያስወልቃል።

ለመጠነኛ ገንዘብ የዚህ ጽሑፍ ምርጫ ሱዙኪ ነው። የመጀመሪያው ቪታራ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲወጣ ትንሽ ይሁን እንጂ እንደ ትልልቆቹ ራሱን የቻለ ሻንሲና ሎው ማርሽ ይዞ ነው። ከ1998 የተከተለው ግራንድ ቪታራም ሻንሲውን አልጣለም። ባለ 1.6 ሊትሩ በቺንጋ፣ ባለ 2.0 ሊትሩ በሰንሰለት ታይሚንግ ይሠራሉ፤ ዕድል ካለ ሁለተኛው ይመረጥ። በደከመ ፕራዶ ገንዘብ ደህና ቪታራ ይገኛል፤ የተረፈውም ጎማ ይገዛል። ሠፈር ውስጥ የሚሰጠው ክብር አነስ ይላል፤ ይህን መቀበል የማይችል ሰው ቀሪውን ባያነብ ይሻለዋል።

ሃይሉክስ ለጭነት ነው። ቱርቦ የሌለው 5ኤል ሞተር ያለው አሮጌው ዘገምተኛ ግን ታጋሽ ነው። «ዲ ፎር ዲ» የተባሉት የኋለኞቹ ጉልበትና ቁጠባ ያላቸው ሆነው፣ ኢንጀክተራቸው ውሃና ቆሻሻ ያለበትን ናፍጣ አይወድም፤ የኢንጀክተር ዋጋ ሳይጠየቅ ስለ መኪናው ዋጋ መነጋገር ዋጋ የለውም። ፓጄሮ፣ ፓትሮልና አሮጌው ላንድሮቨር መልካም መኪኖች ናቸው፤ ግን ገዢው በሚኖርበት ከተማ የሚያውቃቸው መካኒክና መለዋወጫ እንዳለ ካላረጋገጠ ይተዋቸው። ሶማሌ ተራ ሄዶ የሦስት ዕቃ ዋጋ መጠየቅ ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ የፍሪሲዮን ሳህን፣ የራዲያተርና የፊት ጎማ ኩሽኔታ። ሦስቱም በቀላሉ ከተገኙ መኪናው ይታሰብበት።

ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ

ቀጠሮው ጠዋት ይሁን፤ ሻጩም ሞተሩን ሳያስነሣ እንዲጠብቅ አስቀድሞ ይነገረው። ገዢው እንደደረሰ መጀመሪያ የሚነካው ኮፈኑን ነው። ትኩስ ከሆነ አንድ ሰው ቀድሞ አስነሥቶታል፤ ጠዋት ለመነሣት የሚያስቸግር ሞተር በዚህ ይደበቃል። ያን ቀን ትቶ ሌላ ቀን መምጣት ነውር የለውም።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩ ክዳን ይከፈት። ውሃው ላይ የዘይት ሽፋን፣ ክዳኑ ሥር ወይም የዘይት መሙያው ክዳን ላይ ቡናማ አረፋ ከታየ ጋርኒሽን ወይም ቴስታታ ላይ ችግር አለ ማለት ነው። ራዲያተሩ ውስጥ ዝገት ያለው የቧንቧ ውሃ ብቻ ከተገኘም ባለቤቱ ለማቀዝቀዣ ፈሳሽ ገንዘብ እንዳላወጣ ይነግራል፤ ለሌላውስ ያወጣ ይሆን? ከዚያ ሞተሩ ይነሣ። ቀዝቃዛ ናፍጣ ለጥቂት ሰከንድ ነጭ ጭስ ቢተፋ ያለ ነው። የማያቋርጥ ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እየበላ መሆኑን ያሳያል፤ ጥቁር ጭስ ደግሞ ከኢንጀክተር፣ ከፖምፓ ወይም ከአየር ማጣሪያ ይመጣል።

ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ይፈታና አፉ ላይ ተገልብጦ ይቀመጥ። ክዳኑ በትንሹ እየተርገፈገፈ ከቆየ ደህና ነው። ብድግ ብሎ ከወደቀና ጭስ በየምቱ እንደ ቡና ጀበና ከተግተለተለ የፒስተን ቀለበቶቹ አልቀዋል፤ ሞተሩ መውረዱ አይቀርም። ይህ ምርመራ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም፤ ብዙ ሻጭ ግን ያስከፋዋል።

ታጥቦ የሚያብረቀርቅ ሞተር የንጽሕና ምልክት ተደርጎ ይታያል። አይደለም። አቧራና ዘይት የለበሰ ሞተር የሚያፈስበትን ቦታ በግልጽ ያሳያል፤ ትናንት የታጠበ ግን ምንም አይናገርም።

ከሥር

ካርቶን ይነጠፍ፤ የእጅ ባትሪ ይያዝ፤ ገዢው በጀርባው ይተኛ። የፎር ዊል እውነት ያለው እዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት ሻንሲው ከፊት እስከ ኋላ ይታይ። ጭነት የሚበዛባቸው ፒክአፖች ከጋቢናው ኋላ፣ ጭነት መያዣው በሚጀምርበት አካባቢ፣ ይሰነጠቃሉ። የተበየደ ሻንሲ የግድ አይጣልም፤ በትኩስ ጥቁር ቀለም ወይም በካትራሜ የተሸፈነ ብየዳ ግን ሻጩ እንዳይታይ የፈለገው ነው። ባሌስትራዎቹ ተሰብረው ወይም ወደ ላይ ተገልብጠው ከሆነ፣ ወይም ተጨማሪ ላሜራ ገብቶባቸው ከሆነ፣ ያ መኪና ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ኖሯል፤ ኩሽኔታውና ዲፈረንሻሉም አብረው ተሸክመዋል።

ላንድክሩዘር 70 ላይ የፊት ጎማ ወደሚታጠፍበት ቦታ ከውስጥ በኩል ይታይ። ግማሽ ኳስ የመሰለ ለስላሳ ብረት አለ። ጣት አስነክቶ ማየት ነው፤ ስስ የግራሶ ሽፋን ጤነኛ ነው። ቀጭን ዘይት ከግራሶው ጋር ተቀላቅሎ ወደ ጎማው ውስጠኛ ጎን ከተንጠባጠበ፣ የውስጡ ማኅተም አልቆ የዲፈረንሻል ዘይት እየወጣ ነው። ማኅተሙ ርካሽ ነው፤ ሥራው ግን ሁለቱንም ጎማ፣ ኩሽኔታና ዘንግ አውልቆ መግጠም ነውና የጋራዡ ዋጋ ተጠይቆ ከመኪናው ዋጋ ይቀነስ።

የማስተላለፊያው ዘንግ በሁለት እጅ ተይዞ ወዲያና ወዲህ ይጠምዘዝ። ክሮቼራው ላይ የሚሰማ «ቀጭ» የሚል ልቅነት ካለ ማለቁን ያሳያል፤ ይህ እንኳ ቀላሉ ወጪ ነው። ጎማ በክሪክ ተነሥቶ ከላይና ከታች ተይዞ ሲወዛወዝ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ወይም መገጣጠሚያው ላልቷል።

ጎማዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ጎናቸው ላይ ያለው አራት ዲጂት የተሠሩበት ሳምንትና ዓመት ነው፤ 2319 ማለት የ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ነው። ሁልጊዜ በአራት ጎማ የሚነዳ መኪና ላይ አራቱ ጎማ በመጠንም በድካምም ካልተቀራረቡ መካከለኛው ዲፈረንሻል ሲታሽ ኖሯል። ይህን ብዙ ጎሚስታ አይነግርም፤ ገዢም አይጠይቅም።

አካልና መሪ

ላሜራው በማግኔት ይፈተሽ፤ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት ስቱኮ በበዛበት ቦታ አትይዝም። መስታወቶቹ ጥግ ላይ ያለው ምልክት እርስ በርሱ ይመሳከር፤ አንዱ ብቻ ከሌሎቹ የተለየ ከሆነ በዚያ በኩል የሆነ ነገር ደርሷል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ማንም አይመን። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተበልቶ፣ መሪው ተልጎ፣ የሹፌሩ መቀመጫ ጠርዝ ወርዶ 90,000 የሚል ቆጣሪ ቀልድ ነው።

ከጃፓን በዱባይ በኩል የመጡ አንዳንድ መኪኖች መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ነው። በጥንቃቄ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ በጥድፊያ የተሠራው ግን አደጋ ነው። የዝናብ መጥረጊያው አገልግሎት የሚሰጠው ለቀኝ መቀመጫ መስሎ በሹፌሩ ጥግ ያልተጠረገ ሰፊ ቦታ ከተወ፣ ዳሽቦርዱ ስፌት ወይም ሽብሽብ ካለው፣ ኮፈን ሥር በቀኝ በኩል የተደፈነ ቀዳዳ ከታየ መሪው ተዛውሯል። የመሪውን ዘንግና የፍሬን ግንኙነት የሚያውቅ መካኒክ ሳያይ አይገዛ።

ወደ እንጦጦ

የሙከራ ጉዞ ማለት በሠፈሩ ውስጥ አንድ ዙር አይደለም። አዲስ አበባ ለዚህ የታደለች ናት፤ ከሽሮሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ያደርሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ጉልበት ያጣል፤ የደከመ ራዲያተርም ራሱን ያጋልጣል። መርፌው ከመካከል በላይ ከወጣ ጉዞው እዚያው ያብቃ። በሁለተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩ ጮኾ መኪናው ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ቁልቁለቱን በማርሽ ሲወርዱ እግር ከነዳጁ ላይ ሲነሣ ማርሹ በራሱ ከወጣ ካምቢዮው ታሟል፤ ፍሬን ሲያዝ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ጠሟል። አባይ በረሃን ለመውረድ ያሰበ ሰው ይህን እዚህ ማወቁ ይበጀዋል።

ፎር ዊሉ የሚሞከረው ጠጠር ወይም ሣር ላይ ነው። መኪናው ቆሞ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ፣ ዘንጉ ወደ ፎር ሃይ፣ ከዚያ ወደ ፎር ሎው ይግባ። የፊት ጎማ እምብርት ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ ካለ አስቀድሞ ይዙር፤ ደርቆ የማይዞር ከሆነ ፎር ዊሉ ዓመታት አልተነካም። በሎው የመጀመሪያ ማርሽ መኪናው ነዳጅ ሳይረገጥ እንደ ሰው እርምጃ መሄድ አለበት። መፋጨት፣ መንቋቋት ወይም ማርሽ መዝለል ከተሰማ የትራንስፈር ጥገና ዋጋ ሳይጠየቅ ወደ ድርድር አይኬድም።

ወረቀቱ

ብዙ ገዢ ከሞተሩ ይልቅ የሚጎዳው በሊብሬ ነው። የሻንሲው ቁጥር በብረቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ በሃይሉክስና በላንድክሩዘር በቀኝ የፊት ጎማ አካባቢ ሻንሲው ላይ ነው። በእጅ ባትሪ ተነብቦ ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። ቁጥሩ የተፈቀፈቀ ወይም የተበየደ ከመሰለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ መተው ነው። ሞተሩ ተቀይሮ ከሆነ አዲሱ የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ መስፈር አለበት። ቦሎው የታደሰ መሆኑም ይታይ።

ቀጥሎ እዳና እገዳ እንደሌለበት መኪናው ከተመዘገበበት የትራንስፖርት ቢሮ ይጠየቅ፤ በባንክ ብድር የተያዘ ወይም በፍርድ ቤት የታገደ መኪና ስሙ አይዞርም። የእርዳታ ድርጅት፣ የዲፕሎማትና ከቀረጥ ነፃ የገቡ የኢንቨስትመንት መኪኖች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ቀረጡ ሳይከፈል ወደ ግል ሰሌዳ አይዞሩም፤ ቀረጡን ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ሳይታወቅ ዋጋቸው ርካሽ ይመስላል።

በውክልና መግዛትን በተመለከተ ምክሩ አጭር ነው፤ አይገዛ። ወካዩ ውክልናውን ሊሽር ይችላል፤ ቢሞት ውክልናው ይቀራል፤ ገዢው ከወራሾች ጋር ይጋፈጣል። ሽያጩ ውልና ማስረጃ ቀርቦ ይጽደቅ፤ ትልቁ ክፍያም ከዚያ በኋላ፣ በባንክ በኩል ይሁን።

በአዲስ ዘመንና በሪፖርተር ጋዜጦች የሚወጡት የድርጅት ጨረታዎች ለመጠነኛ ገንዘብ ጥሩ ዕድል ናቸው፤ ብዙዎቹ መኪኖች የጥገና ታሪካቸው በፋይል ይገኛል። ይሁንና የሚሸጡት ባሉበት ሁኔታ ነው፤ ሲፒኦ ከማስያዝ በፊት መካኒክ ይዞ ማየት የገዢው ፈንታ ነው። መካኒኩ ደግሞ ገዢው ራሱ የሚከፍለው ይሁን፤ ደላላው የሚያመጣው «ወንድሜ ነው፣ ዝም ብሎ ያይልሃል» የተባለ ባለሙያ የሚያየው ለደላላው ነው።

ከገዙ በኋላ

ከያዘው ገንዘብ አንድ አምስተኛውን ያላስቀረ ገዢ መኪናውን ገዝቶ ጋራዥ ያስቀምጠዋል። በመጀመሪያው ሳምንት የሞተር፣ የካምቢዮ፣ የትራንስፈርና የሁለቱም ዲፈረንሻል ዘይት ይቀየር፤ ዲፈረንሻሉ ሲፈታ የሚወጣው ዘይት ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበት ነበር። የናፍጣና የአየር ማጣሪያ ይለወጥ። የታይሚንግ ቺንጋ ያለው መኪና ከነመወጠሪያው ይቀየርለት። ኪሎ ሜትሩና ቀኑ ተጽፎ ኮፈን ሥር ይለጠፍ። ከዚህ በኋላ በእጅ የሚገባ ፎር ዊል ያለው ሰው በወር አንድ ጊዜ ጠጠር መንገድ ፈልጎ ዘንጉን አስገብቶ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይንዳ፤ የፊት ዲፈረንሻሉና የትራንስፈሩ ማኅተሞች ዘይት እንዲያገኙ፣ መቆለፊያዎቹም እንዳይደርቁ።